የፋይናንስ ትምህርት በዩኒቨርሲቲ፦ ከኦነርስ ዓመት እስከ ዶክትሬት ምርምር

የ12ኛ ክፍል ውጤት በሚታወቅበት ሰሞን ለእኛ ለመምህራን ከሚቀርቡልን ጥያቄዎች አንዱ «የቱን የትምህርት ዘርፍ ልምረጥ?» የሚለው ነው። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ደግሞ በዚህ ጥያቄ ውስጥ የፋይናንስ ስም ተደጋግሞ ይሰማል። ተማሪው ስሙን የሰማው ከባንክ ማስታወቂያ ወይም ከጎረቤት ልጅ ነው። ወላጁም «ባንክ ቤት ያስቀጥራል» ሲል ይደግፈዋል። ይሁን እንጂ አብዛኛው ተማሪ ወደዚህ ትምህርት የሚገባው ሁለት የተሳሳቱ አስተያየቶችን ይዞ ነው። አንደኛው፣ ፋይናንስ ማለት የሒሳብ መዝገብ አያያዝ ነው የሚለው ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ የሒሳብ ትምህርት ለከበደው ተማሪ መሸሻ የሚሆን ዘርፍ ነው የሚለው ነው።

ሁለቱም አስተያየቶች ዋጋ ያስከፍላሉ። ዋጋው የሚከፈለው ግን ወዲያውኑ አይደለም። ተማሪው የመጀመሪያ ዲግሪውን በጥሩ ውጤት ጨርሶ ለከፍተኛ ትምህርት ሲያመለክት፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ችላ ያለው ትምህርት በር ላይ ቆሞ ይጠብቀዋል። ስለሆነም በዚህ ጽሑፍ ፋይናንስ ምን ዓይነት የዕውቀት ዘርፍ እንደሆነ፣ «ኦነርስ» የሚባለው ዓመት ምን ማለት እንደሆነ፣ ወደ ምርምር የሚወስደው መንገድ በምን በምን እንደሚያልፍና የሁለተኛ ደረጃ መምህር ድርሻ የት ላይ እንደሆነ በተቻለ መጠን ለማስረዳት እንሞክራለን።

፩. ፋይናንስ ምንድን ነው?

የሒሳብ መዝገብ አያያዝ ያለፈውን ይመዘግባል፤ ምን ገባ፣ ምን ወጣ፣ ምን ቀረ ብሎ ይጠይቃል። ፋይናንስ ግን የሚጠይቀው ስለ ወደፊቱ ነው። ነገ የሚገኝ ገንዘብ ዛሬ ስንት ያወጣል? ላይገኝ የሚችል ገንዘብስ? ገንዘብ ያለው ሰው ገንዘብ ለሚፈልገው ሰው በምን ውል ቢሰጥ ሁለቱም ይጠቀማሉ? ባጭሩ ፋይናንስ የጊዜን፣ የሥጋትንና የመረጃን ዋጋ የሚያጠና ትምህርት ነው።

ይህን ለማስረዳት ከዕቁብ የተሻለ ምሳሌ አናገኝም። 12 ሰዎች በየወሩ አንድ አንድ ሺህ ብር የሚጥሉበት ዕቁብ አለ እንበል። በየወሩ 12,000 ብር ዕጣ ለደረሰው ይሰጣል። ሁሉም እኩል ይከፍላሉ፤ ሁሉም እኩል 12,000 ብር ይወስዳሉ። ታዲያ በመጀመሪያው ወር ዕጣ የወጣለት ሰው ለምን ደስ ይለዋል? ምክንያቱ ግልጽ ነው። ገንዘብ በወር 1 በመቶ የሚያፈራ ቢሆን፣ ከ11 ወር በኋላ የሚገኘው 12,000 ብር የዛሬ ዋጋው 12,000 ለ1.01 አሥራ አንደኛ ርቢ ተካፍሎ የሚገኘው ነው። ይህም ወደ 10,756 ብር ይሆናል። በመጀመሪያውና በመጨረሻው ባለዕጣ መካከል ያለው ልዩነት ወደ 1,244 ብር ነው ማለት ነው። ይህ የጊዜ ዋጋ ነው።

በሌላ በኩል ዕጣው ቀድሞ የደረሰው ሰው ገንዘቡን ወስዶ ቢጠፋስ? ዕቁብተኞች ይህን ስለሚያውቁ ዋስ ይጠይቃሉ። ይህ የሥጋት ጉዳይ ነው። ዋሱ ታማኝ መሆኑን ዳኛውና ጸሐፊው የሚያውቁት ደግሞ ሰውየውን በሰፈሩ ወይም በመሥሪያ ቤቱ ስለሚያውቁት ነው። ይህም የመረጃ ጉዳይ ነው። በዩኒቨርሲቲ የሚሰጠው የፋይናንስ ትምህርት፣ በታላላቅ ኩባንያዎችና በአክሲዮን ገበያዎች ላይ ቢያተኩርም፣ በመሠረቱ የሚመላለሰው በእነዚሁ ሦስት ነገሮች ዙሪያ ነው። «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የሚለው አባባላችንም መበደር ዋጋ እንዳለው የተገነዘበ ሰው የተናገረው ነው።

፪. ዘርፉ እንዴት ተወለደ?

ፋይናንስ ራሱን የቻለ የምርምር ዘርፍ የሆነው በቅርብ ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ1900 ሉዊ ባሸልዬ የተባለ ፈረንሳዊ በፓሪስ የዋጋን መዋዠቅ በፕሮባቢሊቲ የሚመረምር የዶክትሬት ጽሑፍ አቀረበ። ከፈታኞቹ አንዱ ስመ ጥሩው የሒሳብ ሊቅ ኦንሪ ፖንካሬ ነበር። ባሸልዬ የተጠቀመበት ሒሳብ አልበርት አንስታይን በ1905 የደቃቅ ቅንጣቶችን እንቅስቃሴ ለማስረዳት ካወጣው ሒሳብ ጋር አንድ ዓይነት ነው። ሆኖም ሥራው በኢኮኖሚ ምሁራን ዘንድ ለአምሳ ዓመት ያህል ብዙ ሰው ሳያየው ቆየ።

በ1952 አሜሪካዊው ሃሪ ማርኮዊትዝ ገንዘብን በልዩ ልዩ አክሲዮኖች ላይ ስለ መከፋፈል ያወጣው አጭር ጽሑፍ ለአዲሱ ዘርፍ መሠረት ጣለ። ሐሳቡ ለገበሬያችን እንግዳ አይደለም። አንድ ገበሬ ከደጋው ማሳ ጤፍ፣ ከቆላው ማሳ ማሽላ የሚዘራው ዝናብ አንዱን ቢከዳው ሌላው እንዲያወጣው ነው። ማርኮዊትዝ ያደረገው ይህን ጥበብ በቁጥር ማስላት ነው። የእያንዳንዱ ማሳ ምርት በ20 በመቶ ስታንዳርድ ዲቪዬሽን የሚዋዥቅ ከሆነና ሀብቱ ለሁለቱ እኩል ከተከፈለ፣ ሁለቱ ምርቶች ምንም ተዛምዶ ከሌላቸው የጠቅላላው መዋዠቅ ወደ 14 በመቶ ይወርዳል። ሁልጊዜ አብረው የሚወድቁና የሚነሡ ከሆኑ ግን 20 በመቶው እንዳለ ይቀራል። ስለዚህ ዋናው ነገር የማሳዎቹ ብዛት ብቻ ሳይሆን እርስ በርሳቸው ያላቸው ተዛምዶ ነው።

ማርኮዊትዝ የዶክትሬት ጽሑፉን በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ሲከላከል ሚልተን ፍሪድማን «ይህ ኢኮኖሚክስ አይደለም፤ ዲግሪም ልንሰጥህ አንችልም» የሚል ክርክር እንዳነሣበት ራሱ ማርኮዊትዝ በ1990 የኖቤል ሽልማት ሲቀበል ተናግሯል። ዲግሪውን ግን አግኝቷል። ከዚያ ወዲህ ዘርፉ በፍጥነት አደገ። በ1958 ፍራንኮ ሞዲልያኒና ሜርተን ሚለር ስለ ኩባንያ ዕዳና ካፒታል፣ በ1964 ዊልያም ሻርፕ ስለ ሥጋትና ስለ ትርፍ ዝምድና፣ በ1973 ፊሸር ብላክና ማይረን ሾልስ አስቀድሞ በተወሰነ ዋጋ ወደፊት ስለ መግዛትና መሸጥ መብት የጻፏቸው ጽሑፎች እስከ ዛሬ ድረስ ከማስተማሪያ መጻሕፍት አልወጡም።

እነዚህን ስሞች ለመምህራን የምንዘረዝረው ያለ ምክንያት አይደለም። ሁሉም የሠሩት በካልኩለስ፣ በማትሪክስና በፕሮባቢሊቲ ነው። ዘርፉ የተወለደው ከሒሳብ ማሕፀን ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

፫. «ኦነርስ» ማዕረግ ነው ወይስ ዓመት?

ብዙ ሰው የሚደናገረው እዚህ ላይ ነው። በአገራችን አንድ ተማሪ «በማዕረግ ተመረቀ» ሲባል የነጥቡን ከፍተኛነት ያመለክታል። «ኦነርስ» የሚለው ቃል ግን በየአገሩ የተለያየ ትርጉም አለው።

በእንግሊዝ ኦነርስ የመጀመሪያው ዲግሪ ራሱ ነው። ተማሪው ሲመረቅ በውጤቱ መጠን ይመደባል። በተለመደው አሠራር 70 እና ከዚያ በላይ ያገኘ አንደኛ ማዕረግ፣ ከ60 እስከ 69 ያገኘ የሁለተኛ ማዕረግ ከፍተኛ ክፍል፣ ከ50 እስከ 59 ያገኘ የሁለተኛ ማዕረግ ዝቅተኛ ክፍል፣ ከ40 እስከ 49 ያገኘ ሦስተኛ ማዕረግ ይሰጠዋል። በጎረቤታችን በኬንያም ዲግሪን በማዕረግ የመክፈል ልማድ የመጣው ከዚሁ ሥርዓት ነው።

በአውስትራሊያና በደቡብ አፍሪካ ግን ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ ተማሪው በንግድ ወይም በኮሜርስ የሦስት ዓመት የመጀመሪያ ዲግሪ ይይዛል። ከዚያ በኋላ፣ ውጤቱ ከፍተኛ ከሆነና ከፈለገ፣ አንድ ተጨማሪ ዓመት ይማራል። ይህ ዓመት የኦነርስ ዓመት ይባላል። በደቡብ አፍሪካ የትምህርት ደረጃዎች ማዕቀፍ የመጀመሪያ ዲግሪ ደረጃ 7፣ ኦነርስ ደረጃ 8፣ ማስተርስ ደረጃ 9፣ ዶክትሬት ደረጃ 10 ነው። በአውስትራሊያም የደረጃዎቹ ቁጥር እንደዚሁ ነው። ስለዚህ በእነዚህ አገሮች ኦነርስ የሽልማት ስም ሳይሆን ራሱን የቻለ የትምህርት እርከን፣ ከተማሪነት ወደ ተመራማሪነት የሚያሻግር ድልድይ ነው።

ይህን ልዩነት ማወቅ በሥራ ላይ ይጠቅማል። የውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ «የኦነርስ ዲግሪ ወይም ተመጣጣኝ ያስፈልጋል» ብሎ ሲጽፍ፣ «በማዕረግ ተመርቄያለሁ» ብሎ የሚመልስ አመልካች ጥያቄውን አልመለሰም። የሚጠየቀው ምርምር ሠርቶ፣ ጽፎና ተመዝኖ ያውቅ እንደሆነ ነው።

፬. በኦነርስ ዓመት ምን ይሠራል?

የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ የታወቁ ጥያቄዎችን የታወቁ መልሶች ይማራል። የብድር ወለድ ያሰላል፤ የቦንድ ዋጋ ያወጣል፤ አንድ ፕሮጀክት አዋጭ መሆኑን ይመዝናል። በኦነርስ ዓመት ግን ሥራው በሁለት ይከፈላል።

የመጀመሪያው ክፍል ጠንከር ያሉ ትምህርቶች ናቸው። የሀብት ዋጋ አተማመን ንድፈ ሐሳብ፣ የኩባንያ ፋይናንስ እና ኢኮኖሜትሪክስ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ዋነኞቹ ናቸው። ኢኮኖሜትሪክስ ስታቲስቲክስን በኢኮኖሚ መረጃዎች ላይ የማዋል ጥበብ ነው። እዚህ ተማሪው የማስተማሪያ መጽሐፍ ማንበብ ይቀርበትና በሙያ መጽሔቶች የወጡ የምርምር ጽሑፎችን በቀጥታ ያነባል። በክፍል ውስጥም «ደራሲው ምን አሉ?» ብቻ ሳይሆን «ደራሲው ያሉት በምን ተረጋገጠ?» ተብሎ ይጠየቃል።

ሁለተኛው ክፍል የመመረቂያ ጽሑፍ ነው። በደቡብ አፍሪካ ደንብ መሠረት የኦነርስ ዲግሪ ቢያንስ 120 ክሬዲት ሲኖረው፣ ከዚህ ውስጥ ቢያንስ 30ው ለምርምር ይውላል። አንድ ክሬዲት 10 የሥራ ሰዓት ተደርጎ ስለሚቆጠር፣ ምርምሩ ብቻ 300 ሰዓት ይፈልጋል ማለት ነው። በአውስትራሊያም የዓመቱ ትልቅ ድርሻ ለጽሑፉ ይሰጣል። ተማሪው አንድ አማካሪ መምህር ይመደብለታል፤ ጥያቄውን ያጠብባል፤ የቀደሙ ሥራዎችን ያነባል፤ መረጃ ይሰበስባል፤ ይመረምራል፤ ይጽፋል።

ጥሩ ጥያቄ ምን እንደሚመስል በአንድ የታወቀ ሥራ እናሳይ። ሬይ ቦልና ፊሊፕ ብራውን የተባሉ ሁለት አውስትራሊያውያን በ1968 ባሳተሙት ጽሑፍ እንዲህ ሲሉ ጠየቁ፦ ኩባንያዎች በዓመቱ መጨረሻ የሚያወጡት የትርፍ መግለጫ ለባለአክሲዮን ይጠቅመዋል ወይስ አይጠቅመውም? በዚያን ጊዜ ስለዚህ ጉዳይ ብዙ ክርክር ነበር፤ ማስረጃ ግን አልነበረም። እነርሱ የ261 ኩባንያዎችን መረጃ ወስደው፣ ትርፋቸው ከተጠበቀው በላይ የሆነውንና በታች የሆነውን ለይተው፣ የአክሲዮን ዋጋቸው መግለጫው ከመውጣቱ በፊት ባሉት 12 ወራትና ከወጣ በኋላ እንዴት እንደተጓዘ ተመለከቱ። ውጤቱ ሁለት ነገር አሳየ። የትርፍ ቁጥሩ በእርግጥ ዋጋ አለው። ነገር ግን በውስጡ ካለው ቁም ነገር ከ85 እስከ 90 በመቶ የሚሆነውን ገበያው መግለጫው ሳይወጣ አስቀድሞ በሌላ መንገድ አውቆታል።

የዚህ ሥራ ትምህርትነቱ በቀላልነቱ ላይ ነው። ጥያቄው በአንድ ዓረፍተ ነገር ይነገራል። መልሱ «አዎ» ወይም «አይደለም» ሊሆን ይችል ነበር። መረጃውም ሌላ ሰው ደግሞ ሊፈትነው የሚችል ነው። የኦነርስ ተማሪ ዓለምን የሚለውጥ ግኝት አይጠበቅበትም። የሚጠበቅበት እንዲህ ያለ ሊመለስ የሚችል ትንሽ ጥያቄ መምረጥና በሐቀኝነት መመለስ ነው። ዓመቱን የሚያባክኑት ብዙውን ጊዜ «የባንኮች ሚና በአገር ልማት» የመሰለ ስፋቱ የማይለካ ርእስ የሚይዙ ናቸው።

፭. ማስተርስና ዶክትሬት

ከኦነርስ በላይ ያለው መንገድ በሁለት ይከፈላል፤ ተማሪዎቻችንም ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት በዚህ መገንጠያ ላይ ነው።

አንደኛው መንገድ የሙያ ማስተርስ ነው። ይህ በትምህርት ክፍለ ጊዜ የሚያልቅ፣ ለባንክ፣ ለመድን ድርጅትና ለኩባንያ ሥራ የሚያዘጋጅ ዲግሪ ነው። ክፍያው በውጭ አገር ብዙውን ጊዜ ከፍተኛ ነው። ምርምር ከሌለበት ግን ወደ ዶክትሬት ለመግባት ላይበቃ ይችላል። ሁለተኛው መንገድ የምርምር ማስተርስ ነው። እዚህ ዋናው ሥራ የምርምር ጽሑፍ ነው። ተማሪው ዓላማው መምህርና ተመራማሪ መሆን ከሆነ ከማመልከቱ በፊት «ይህ ዲግሪ የምርምር ጽሑፍ አለው ወይ?» ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል። ይህች አንዲት ጥያቄ የብዙ ሰው ገንዘብና ጊዜ ልታድን ትችላለች።

ወደ ዶክትሬት ስንመጣም አሠራሩ እንደየአገሩ ይለያያል። በአውስትራሊያ በኦነርስ አንደኛ ማዕረግ ያገኘ ተማሪ ማስተርስ ሳይማር በቀጥታ ለዶክትሬት ሊገባ ይችላል። ጊዜውም ሦስት ወይም አራት ዓመት ያህል ነው። በአሜሪካ ደግሞ ከመጀመሪያ ዲግሪ በቀጥታ መግባት ይቻላል፤ ነገር ግን የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ገደማ በከባድ ትምህርት ያልፋሉ። ከዚያም ጠቅላላ የብቃት ፈተና አለ። ያንን ያለፈ ብቻ ወደ ምርምር ጽሑፍ ይሸጋገራል። ሁሉም ተደምሮ አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ ይፈጃል።

ሌላም ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። በአሜሪካ የታወቁ ዩኒቨርሲቲዎች የሚሰጡት የፋይናንስ ዶክትሬት ብዙውን ጊዜ ተማሪውን አያስከፍልም፤ እንዲያውም በምርምርና በማስተማር ረዳትነት የኑሮ ድጎማ ይሰጠዋል። ስለዚህ «ገንዘብ ስለሌለኝ ዶክትሬት አይታሰብም» የሚለው ተማሪ የተሳሳተ በር ላይ ቆሞ ሊሆን ይችላል። ውድ የሚሆንበት የሙያ ማስተርሱ ነው። ወደ ዶክትሬቱ የሚያስገባው ቁልፍ ደግሞ የሒሳብ ዝግጅት ነው። መራጮቹ ከፋይናንስ ነጥቡ ይልቅ በካልኩለስ፣ በሊኒየር አልጀብራና በስታቲስቲክስ ያገኘውን ነጥብ በጥንቃቄ ይመለከታሉ። በዚህም ምክንያት ብዙ የፋይናንስ ዶክትሬት ተማሪዎች የመጀመሪያ ዲግሪያቸው በሒሳብ፣ በፊዚክስ ወይም በምሕንድስና ነው።

፮. ጥያቄው ከቤታችን አጠገብ ነው

አንዳንድ ተማሪ «ፋይናንስ የኒው ዮርክና የለንደን ጉዳይ ነው፤ እኛን ምን ይመለከተናል?» ይላል። መልሱን በተግባር የተሠሩ ምርምሮች ይሰጡናል።

ከላይ ያነሣነውን ዕቁብ እንመልከት። የመጨረሻው ባለዕጣ ከመጀመሪያው ጋር ሲነጻጸር ተጎድቷል ብለናል። ታዲያ ለምን ይገባል? ቲሞቲ ቤስሊ፣ ስቲቨን ኮትና ግሌን ላውሪ በ1993 ባሳተሙት ጽሑፍ ለዚህ ምላሽ ሰጥተዋል። 12,000 ብር የሚያወጣ ዕቃ የሚፈልግ ሰው ብቻውን በወር አንድ ሺህ ብር ቢያጠራቅም ዕቃውን የሚገዛው በ12ኛው ወር ነው። በዕቁብ ከገባ ግን፣ ዕጣው የመጨረሻ ቢሆንበት እንኳ የሚገዛው በዚያው በ12ኛው ወር ነው፤ የቀሩት 11 ሰዎች ሁሉ ግን ቀድመው ይገዛሉ። ማንም አልዘገየም፤ 11ዱ ተቀድሞላቸዋል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ማለት በሒሳብ ሲገለጽ ይህ ነው።

ሲዋን አንደርሰንና ዣን ማሪ ባላን ደግሞ በናይሮቢ የኪቤራ ሰፈር ነዋሪዎችን አጥንተው በ2002 ሌላ ምክንያት አቀረቡ። በዚያ ሰፈር በእንዲህ ያሉ ማኅበራት አብዛኞቹ አባሎች ሴቶች ነበሩ። ተመራማሪዎቹ እንዳስረዱት፣ ባለትዳሮቹ ሴቶች ወደ ማኅበሩ የሚገቡት ገንዘቡ ቤት ውስጥ ቢቀመጥ ባል ለዕለት ወጪ ስለሚጠይቀው፣ ከዚያ ለማዳን ሲሉ ነው። ዕድርንም በሚመለከት ስቴፋን ዴርኮንና ባልደረቦቹ በ2006 ባወጡት ጥናት በኢትዮጵያና በታንዛኒያ ያሉ የቀብር ማኅበራት የጽሑፍ ደንብ፣ የአባላት መዝገብና የታወቀ መዋጮ ያላቸው እውነተኛ የመድን ተቋሞች መሆናቸውን አሳይተዋል።

በኬንያ በ2007 የተጀመረው ኤም-ፔሳም ታላቅ የምርምር ምንጭ ሆኗል። ዊልያም ጃክና ታቭኒት ሱሪ በ2014 ባሳተሙት ጽሑፍ እንዳመለከቱት፣ ሕመም ወይም የሥራ ማጣት የመሰለ ችግር ሲደርስ የአገልግሎቱ ተጠቃሚ ያልሆነ ቤተሰብ ፍጆታው በ7 በመቶ ያህል ሲቀንስ፣ የተጠቃሚው ቤተሰብ ግን አልቀነሰም። ዘመድ ከሩቅ ሆኖ ቶሎ ሊደርስለት ችሏልና ነው።

በኢትዮጵያም ጊዜው ለዚህ ትምህርት የተለየ ነው። የባለንብረትነት ሥርዓቱ በ1967 ዓ.ም. ባንኮች ወደ መንግሥት ይዞታ ሲዛወሩ ተለወጠ፤ የአክሲዮን መገበያያውም ቆመ። ከዚያ በኋላ በ2013 ዓ.ም. የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248 ወጣ፤ በጥር 2017 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ በይፋ ተመረቀ። ናይሮቢ የራሷን ገበያ ያቋቋመችው እ.ኤ.አ. በ1954 ነው። እንግዲህ በአገራችን አዲስ ገበያ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መረጃ እየተመዘገበ ነው። መረጃውን አንብቦ «ዋጋው ትክክል ነው? ትንሹ ገንዘብ አስቀማጭ ይጎዳል?» ብሎ የሚመረምር የአገር ሰው ካልተዘጋጀ፣ ሌላው አጥንቶ የሚነግረንን ከመቀበል ሌላ ምርጫ አይኖረንም።

፯. ስለ ሐቀኝነት

ፋይናንስን የሚያጠና ሰው አንድ ፈተና ይጠብቀዋል። በገበያ መረጃ ውስጥ ብዙ የፈለገ ሰው የፈለገውን ማግኘቱ አይቀርም። በስታቲስቲክስ በተለመደው የ5 በመቶ መመዘኛ፣ ምንም እውነት የሌላቸውን 100 ሐሳቦች ብንፈትን 5 ያህሉ በአጋጣሚ ብቻ እውነት መስለው ይታያሉ። ካምቤል ሃርቪና ሁለት ባልደረቦቹ በ2016 ባሳተሙት ጽሑፍ የአክሲዮንን ትርፍ ያስረዳሉ የተባሉ 316 ምክንያቶችን ቆጥረው፣ መመዘኛው ጠበቅ ካልተደረገ በዘርፉ ከተነገሩት ግኝቶች ብዙዎቹ እውነት ላይሆኑ እንደሚችሉ አስጠንቅቀዋል። ዘርፉ ራሱን እንዲህ መተቸቱ የሚያስመሰግነው ነው።

በ2013 የኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ለዩጂን ፋማ፣ ለሮበርት ሺለርና ለላርስ ፒተር ሃንሰን በአንድነት ተሰጠ። ፋማ የገበያ ዋጋ ያለውን መረጃ ሁሉ ያንጸባርቃል ሲል፣ ሺለር ዋጋ ከሚገባው በላይ ይዋዥቃል ባይ ነው። የማይስማሙ ሰዎች አብረው መሸለማቸው ተማሪን ሊያስገርም ይችላል። ነገር ግን የተሸለሙት ሁለቱም ማስረጃ ይዘው በመከራከራቸው ነው። ተማሪዎቻችን ከዩኒቨርሲቲ ፋይናንስ ሊማሩት የሚገባቸው አንዱ ነገርም ይኸው ነው።

፰. የሁለተኛ ደረጃ መምህር ድርሻ

ከዚህ ሁሉ ተነሥተን ለመምህራን የሚከተሉትን ሐሳቦች እናቀርባለን።

ሀ. ተማሪው ማኅበራዊ ሳይንስን ሲመርጥ ምክንያቱን እንጠይቀው። «ከሒሳብ ለመገላገል» ከሆነና ሐሳቡ ፋይናንስ ከሆነ፣ መንገዱ ወዴት እንደሚያመራ በግልጽ እንንገረው። ማስፈራራት ግን አይገባም፤ የሒሳብ ድካሙን ማቃለል የሚቻለው ገና በእጃችን ሳለ ነው።

ለ. የሒሳብ መምህር ስለ ጂኦሜትሪያዊ ተከታታይ ድምር ሲያስተምር የዕቁቡን ምሳሌ ይጠቀም። ተማሪዎች የወለዱን መጠን ከ1 ወደ 2 በመቶ ቢያሳድጉ የመጨረሻው ዕጣ የዛሬ ዋጋ ወደ 9,651 ብር እንደሚወርድ ራሳቸው ያውጡት።

ሐ. ስለ ፕሮባቢሊቲ ሲያስተምር 64 ተማሪዎች አንዳንድ ሳንቲም ይዘው አምስት አምስት ጊዜ ይወርውሩ። በአማካይ ሁለቱ አምስቱንም ጊዜ አንበሳው ይወጣላቸዋል። ክፍሉም «እነዚህ ጎበዝ ናቸው ወይስ ዕድለኞች?» ተብሎ ይጠየቅ። በገበያ ውስጥ ለአምስት ዓመት በተከታታይ ያተረፈን ሰው እንዴት መመዘን እንዳለብን ከዚህ የተሻለ ትምህርት የለም።

መ. የእንግሊዝኛ መምህር በአንድ ጥያቄ ላይ ሁለት ገጽ የሚሆን፣ ማስረጃ ያለው ጽሑፍ ማጻፍ ያስለምድ። በኦነርስ ዓመት ብዙ ተማሪ የሚወድቀው ቀመር አጥቶ ሳይሆን፣ የሚያውቀውን በቅደም ተከተል መጻፍ አቅቶት ነው።

ሠ. ስለ ሴት ተማሪዎች በተለይ እናስብ። በየቤቱ ዕቁቡን የምትጥል፣ ወጪውን የምታብቃቃ እናት ናት። ልጅቷ ይህን ጥበብ በዓይኗ እያየች ያደገች ስለሆነች «ሒሳብ ለሴት ይከብዳል» የሚለውን ወሬ ልንቀበልላት አይገባም።

፱. ማጠቃለያ

ፋይናንስ የጊዜን፣ የሥጋትንና የመረጃን ዋጋ የሚያጠና፣ በሒሳብ ላይ የቆመ የዕውቀት ዘርፍ ነው። ኦነርስ በአንዳንድ አገር የውጤት ማዕረግ፣ በሌላው ደግሞ ወደ ምርምር የሚያሻግር የሥራ ዓመት ነው። ከዚያ በላይ ያለው መንገድ ረጅም ቢሆንም ለድኻ ልጅ የተዘጋ አይደለም። የሚዘጋበት፣ የሚዘጋው ከሆነ፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ባሉት ዓመታት ነው። ያን በር ክፍት አድርጎ የማቆየቱ ሥራ በአብዛኛው በእኛ በመምህራን እጅ ያለ በመሆኑ፣ የሚመጣውን የምርጫ ወቅት ሳንጠብቅ ከአሁኑ ክፍለ ጊዜ ጀምረን ልናስብበት ይገባል።